እናቴ የጣለቻቸው አውሮፕላኖች

እናቴ አውሮፕላን መጣሏን የሰማሁት ከገዛ ወንድሟ አፍ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳሎን ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አጎቴ በሩን በርግዶ ገባ። የበረራ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ መሀል ቤት ቆመና፣ «ጣልሻቸው አይደል?» አላት። «አዲሶቹን አውሮፕላኖች በሙሉ ጣልሻቸው! ጠላት ያልሞከረውን የገዛ እህቴ በአንድ እስክሪብቶ ጨረሰችው!»

እናቴ ከመሥሪያ ቤት መግባቷ ነበር። አንዱን ጫማዋን አውልቃ አንዱን እንዳደረገች ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ትክዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልካደችም።

«አዎ፣ ጣልኳቸው» አለች። «ቁጭ በልና እንነጋገር።»

«ከእንግዲህ ምን የሚያነጋግር ነገር አለ!»

በሩ ድው ብሎ ተዘጋ። እናቴ ሁለተኛውን ጫማዋን አወለቀችና በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆየች።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴን እኮ አውቃታለሁ። በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ፣ መንገድ ለመሻገር የእኔን እጅ አጥብቃ የምትይዝ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ የምታስስ ሴት ናት። እሷ ናት አውሮፕላን የምትጥለው? ያውም በእስክሪብቶ? ፈራኋት። ከፍርሃቱ ሥር ግን፣ ዛሬም ሳስታውሰው የሚያስቀኝ ትንሽ ኩራት ነበረብኝ። የማን እናት ናት አውሮፕላን የጣለችው?

በማግስቱ ጠዋት ልብሷን እስክትለብስ ጠብቄ ቦርሳዋን ከፈትኩ። እስክሪብቶው ጥቁር ነው፤ ከበድ ይላል፤ ጫፉ ላይ የሚጫን ነገር አለው። በመስኮት አወጣሁና ከፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወዳረፈች ርግብ አነጣጥሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። ዓይኔን ስገልጥ ርግቧ የለችም። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ በርራ ይሆናል። እኔ ግን ሮጬ እስክሪብቶውን ወደ ቦርሳው መለስኩት፤ ከዚያን ቀን በኋላም ያንን ቦርሳ በእጄ አልነካሁትም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

የምንኖረው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የአየር ኃይል ቤተሰቦች ባሉበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። አባቴ ገና ዳዴ ስል በሕመም ስለሞተ፣ የማውቀው አባት አጎቴን ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖረው። ተዋጊ አብራሪ ነው። ጃኬቱ ነዳጅ ነዳጅ፣ ላብ ላብ፣ ትንሽ ደግሞ ብረት ብረት ይሸታል፤ እኔ ከሽቶ ሁሉ እሱን እመርጥ ነበር። በረራ ጨርሶ ሲመለስ በቤታችን ትይዩ ሲደርስ ክንፉን አንዴ ሰበቅ ያደርጋል። «ጩጬ፣ መጣሁ» ማለቱ ነው። ጩጬ እኔ ነኝ።

እናቴ የምትሠራው በመከላከያ መሥሪያ ቤት፣ እቅድ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ከሚጠይቀው ሁሉ የትኛው ዛሬ ይገዛ፣ የትኛው ይቆይ ብላ አጥንታ አስተያየት ትሰጣለች። ይሄን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው፣ ሰው ሁሉ የጓጓለትን ነገር እሷ «እስቲ ይታሰብበት» የምትል መሆኗን ብቻ ነው። የእኔ ብስክሌትም ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታሰብበት ነበር።

አንድ ምሽት እራት ላይ አጎቴ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «እትዬ» አላት። ታላቁ ስለሆነች ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠራት። «ሰዉ ሁሉ ስለ አዲሶቹ አውሮፕላኖች ነው የሚያወራው። ጉዳዩ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው አሉ።»

«ነው።»

«እና?»

«እና ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

«እትዬ፣ ቀልዴን አይደለም።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሺ። እኔም ቀልዴን አይደለም። አንተ አየር ኃይል ስትገባ አዲስ የተባሉት ዛሬ ስንቱ ይነሣል?»

አጎቴ ዳቦውን አየ። «ከግማሽ በታች።»

«የቀረውስ?»

«ሣር በቅሎበታል። መለዋወጫ የለ፣ ሠሪ የለ።»

«አዲሶቹንስ ማን ይሠራቸዋል? አንድ ብሎን በላላ ቁጥር የሻጩን አገር ሰው በአውሮፕላን ልናስመጣ ነው? ጥቂት ዓመት ያምሩና እነሱም ሣር ውስጥ ይቆማሉ። ያኔ ደግሞ ሌላ አዲስ ትሉኛላችሁ። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የሚጠግን እጅ ይኑረን ነው። የጥገና ትምህርት ቤት ይሠራ፤ ወርክሾፕ ይቋቋም። የቆሙትን እናስነሣ።»

«ጠላት ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል! ተማሪዎቼ እስኪመረቁ ታገሠኝ ትይዋለሽ? አንቺ የምታሳድጊው ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ነው!»

«የእኔ ውሻ ቢዘገይም ይጮሃል። ያንተው ከባሕር ማዶ ሐኪም ካልመጣለት አፉንም አይከፍት።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግን የሁለቱም ሳቅ ቶሎ ነጠፈ። አጎቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ፤ እኔ የምልሽ እሱን ብቻ ነው።»

«እስቲ ብብቴ ውስጥ ያለውን አሳየኝ!»

እኔ ያንን ሁሉ ሰምቼ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሻ ልንገዛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስም ሳወጣለት ሰነበትኩ። የብብቱ ነገር ግን አልገባኝም፤ እናቴ ሳህን ለማንሣት ክንዷን ስትዘረጋ አጎንብሼ አይቼ ምንም አጣሁ።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት የሻምበሉ ሚስት መጣች። የምትኖረው ምድር ቤት ነው። ባሏ የአጎቴ የቅርብ ጓደኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ ሞተሩ ጠፍቶበት ነው የሞተው። እናቴ «ክፍልሽ ግቢ» አለችኝ፤ እኔም ገባሁ፤ በሩን ግን ትንሽ ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

«የእኔን ባል ጠላት አልገደለውም» አለች የሻምበሉ ሚስት። ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ የሚለምን ሰው ድምፅ አይመስልም። «ያረጀ ብረት ነው የገደለው። ጠዋት ሻይ ጠጥቶ ወጣ፤ ብርጭቆውን ሳላነሣ መርዶው መጣ። አንቺም ወንድም አለሽ። በዚያው ብረት ነው የሚወጣው። እባክሽ፣ ይገዛ በያቸው። ሌላ ሴት እንደኔ ጥቁር አትልበስ።»

እናቴ ሻይ ደግማ ቀዳችላት።

«አንድ ነገር በይኝ እንጂ።»

«ምን እንደምልሽ አጣሁ» አለች እናቴ። «ከዚህ በላይ እውነት የሆነ ነገር ማንም አልነገረኝም።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ወጥ ቤት ገብታ የሻይ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ቧንቧው ሲፈስ፣ ሲፈስ ቆየ። ሄጄ አየሁ፤ አንዱን ብርጭቆ ነበር ደጋግማ የምታጥበው። የሻምበሉ ሚስት ስለ ብርጭቆ ስትናገር ሰምቼ ስለነበር፣ ብርጭቆ ሳይታጠብ ከዋለ ሰው ይሞታል ብዬ ደመደምኩ። ለረጅም ጊዜ ሻዬን ጠጥቼ እንደጨረስኩ ሮጬ ብርጭቆዬን የማጥብ ልጅ ሆኜ ነበር። እናቴ ጨዋ ልጅ ወጣልኝ ብላ ደስ ይላት ነበር።

እንግዲህ አጎቴ በሩን በርግዶ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ አስባ፣ አስባ፣ አዲሶቹ ለጊዜው አይገዙ፣ ትምህርት ቤቱና ወርክሾፑ ይቅደሙ ብላ ጽፋ ፈረመች። ከላይ ያሉትም ተቀበሏት። አጎቴ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ያላገቡት አብራሪዎች ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄደ። ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ፤ እናቴን ግን «ደህና ሁኚ» ብቻ አላት። በሕንፃው ደረጃ ላይ የሚያገኟት ሴቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ የአብራሪ ልጅ በሁሉም ፊት፣ «የእሷ እናት እኮ ናት አውሮፕላኖቹን የጣለችው፤ አባቴ ነው ያለው» አለ። እንግዲህ ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ያቺ ትንሽ ኩራቴ ያን ቀን ጠፋች።

አጎቴ መብረሩን አላቆመም። በቤታችን ትይዩ ሲያልፍ ግን ክንፉን አይሰብቅም ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እናቴ ከኋላዬ መጋረጃውን ይዛ ቆማ እንደነበር የነገረችኝ አድጌ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት አስተማሪዋ ከክፍል ጠርታ አወጣችኝ። በር ላይ የእናቴ መሥሪያ ቤት መኪና ቆሟል። እናቴ ከኋላ ወንበር ወርዳ ተንበረከከችና ሁለቱን ትከሻዬን ያዘች።

«አጎትሽ ወድቋል» አለችኝ። «ግን አለ። ሰምተሻል? በሕይወት አለ። አሁን ወደ እሱ ነው የምንሄደው።»

ማን እንደጣለው አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? መኪናው ውስጥ ከእሷ ርቄ በሩ ሥር ተለጠፍኩ። እጄን ልትይዘኝ ስትል ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ሥር ከተትኳቸው። ቦርሳዋ በመካከላችን ነበር፤ እንደ እባብ ነው የማየው።

ሆስፒታሉ የመድኃኒትና የታጠበ ሲሚንቶ ሽታ ነበረው። ከአጎቴ ክፍል በር አጠገብ አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። አወቅሁት። መካኒኩ ነው፤ ሁሉም «ብሎን» ነው የሚለው። አጎቴ አውሮፕላኖቹ የሚጠገኑበት ሃንጋር ሲወስደኝ ትርፍ ብሎኖችን በሽቦ ሰክቶ አምባር የሚሠራልኝ ሰውዬ። ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አጎቴ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ፊቱ በጭረት ተሞልቷል፤ አንዱ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሞተሩ በአየር ላይ ጠፍቶበት፣ አውሮፕላኑን እንደምንም እያንሳፈፈ ከመንደር አርቆ የታረሰ ማሳ ላይ በሆዱ አሳርፎታል። አለቃው አልጋው ሥር ቆሞ ይሄንኑ ለእናቴ በሹክሹክታ ይነግራታል። እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ የምትሰማ አትመስልም። የወንድሟን እግር ነው የምታየው።

ያኔ ነው ያመለጠኝ።

«እማ፣ ለምን ጣልሽው?»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገና መስኮቱን ማየት ጀመረ። እናቴ ወደኔ ዞረች፤ መነጽሯን አወለቀችና ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ የጠየቅኋት ቦርሳዋ ውስጥ ስላለው እስክሪብቶ ነው። እሷ የሰማችው፣ ከመሥሪያ ቤት እስከ ትምህርት ቤቴ፣ ከትምህርት ቤቴ እስከ ሆስፒታል ራሷን ስትጠይቀው የመጣችውን ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት።

«ጩጬ፣ ነይ እዚህ» አለ አጎቴ። ድምፁ የሚሰነጠቅ እንጨት ይመስላል። ተጠጋሁ። «እሷ ናት የጣለችው ያለሽ ማነው?»

«አንተ። በእስክሪብቶ ጣለቻቸው አልክ።»

ደህነኛውን ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱ ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁ ጎድኑን እያመመው ነው። «እኔ ያልኩት እኮ ሌላ ነው። አውሮፕላኖቹ አልተገዙም። አይገዙ አለች፤ እሱን ነው ጣለች ያልኩት። ያልተገዛን ነገር ማን ከሰማይ ይጥላል?»

«አንተንስ ማን ጣለህ?»

«አንዲት የጎማ ቀለበት። የነዳጁ ቱቦ ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ የምትገባ። ተገልብጣ ገባች፤ ነዳጁ አፈተለከ። በቃ።»

«ማን ገለበጣት?»

አጎቴ ወደ በሩ ተመለከተ። «ያላስተማርነው ሰው» አለ።

እናቴ ፊቷን ከግድግዳው አነሣች። «አዲሶቹ ቢኖሩ በዚያ ብረት አትወጣም ነበር» አለችው። «እውነቷን ነው ልጅቷ።»

«ዛሬ አልወጣም ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ደግሞ በአዲሱ እወጣና ያችው ቀለበት በዚያው እጅ ተገልብጣ ትገባ ነበር። ወይም አትገባም ነበር። እንጃ እትዬ፤ ዛሬ ማን ልክ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ። እግሬን ያመኛል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ብሎን! ግባ!»

መካኒኩ ቆቡን እያሸ ገባና ከበሩ አላለፈም። እናቴ አየችው። እኔ ትጮህበታለች ብዬ ነበር።

«የጥገና መጽሐፉ በማላውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ እትዬ» አለ። «ሥዕሉን አይቼ ነው የገጠምኩት። ሥዕሉ ላይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም። እጄ በተቆረጠ!»

እናቴ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ በጣቱ መዳፉ ላይ ክብ ይሠራል፤ እሷ ትጠይቃለች፤ እሱ ደግሞ ይሠራል። ወንጀለኛውን እየመረመረችው ነው ብዬ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ስጠይቃት፣ «የጥገና መጻሕፍቱን በራሳችን ቋንቋ እናስተርጉም የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ እዚያች ወንበር ላይ ነው» አለችኝ። «እኔ ሕንፃና መሣሪያ ነበር ያሰብኩት። መጽሐፍ ትዝ አላለኝም ነበር።»

ሌላም ነገር ነገረችኝ። በፈረመችው አስተያየት ውስጥ፣ በጣም ያረጁት አውሮፕላኖች እስኪጠገኑ ከበረራ ይታገዱ የሚል ነበረበት። የአየር ኃይሉ አለቆች ሰማዩን ባዶ መተው ፈርተው ያንን አልተቀበሉም። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ይሄን አልተናገርሽም?» አልኳት። «እሱ እግሩ ተሰቅሎ እኔ ስለ ወረቀት ላወራ ነው?» አለች።

አጎቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ቤታችን ተመለሰ። አንዱ እግሩ አጥሮ ቀረ፤ ተዋጊ አውሮፕላን ከእንግዲህ አይነዳም ተባለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰማይ ሲያይ ይውላል፤ ብርጭቆዎቹ በተንሾካሾኩ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ጠዋት እናቴ ገና ተተርጉመው የመጡ የጥገና መጽሐፍ ገጾችን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ምንድን ነው?»

«ተርጓሚው ቋንቋ እንጂ አውሮፕላን አያውቅም። እስቲ እየው።»

አጎቴ ጥቂት አነበበና፣ «ይሄ ሰውዬ የማረፊያ እግሩን ክዳን ቀሚስ ብሎ ተርጉሞታል እኮ!» ብሎ ጮኸ። እስከ ማታ ድረስ ሲሰርዝና ሲያርም ዋለ፤ ሾርባው ቀዝቅዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አንዱ እሱ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም አንዱ፣ ልጆቹ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች መሀል የተቀመጠው ብሎን ነበር።

ነገሩ ሁሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። አንድ ዓመት ድንበር ላይ ነገር ተበላሸ። ሬዲዮው ከቤታችን አልጠፋም፤ እናቴ ከሳች። ሰው መንገድ ላይ ያስቆማትና፣ «አውሮፕላኖቹ አሁን ቢኖሩስ ኖሮ?» ይላታል። እሷ መንገዷን ትቀጥላለች። ከቆሙበት ተነሥተው የተጠገኑት ጥቂቶቹ በየቀኑ ድንበሩን እየዞሩ ተመለሱ፤ ሽማግሌዎችም መሀል ገቡ፤ ነገሩ በረደ። እናቴ ዛሬም፣ «ዕድልም ረድቶናል» ትላለች። አጎቴ ደግሞ፣ «ዕድል ብቻ ነው እንጂ!» ይላታል። ይሄው እስካሁን ተከራክረው አልጨረሱም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ሲሆን ትምህርት ቤቱ አንድ ትልቅ ሥራ ጨረሰ። ለዓመታት ሣር ውስጥ ቆሞ ወፍ ጎጆ የሠራበትን የጭነት አውሮፕላን ተማሪዎቹ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ፈትተው፣ ጠግነው፣ መልሰው ገጠሙት። የውጭ ሰው እጅ አልነካውም። የመጀመሪያ በረራውን ለማየት ቤተሰቡ ሁሉ ተጠራ። እኔ፣ እናቴና አጎቴ ከፊት ቆመናል። ከጎናችን የሻምበሉ ሚስት አለች።

ከእናቴ ጋር በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የእግዚአብሔር ሰላምታ ብቻ ነበር የሚለዋወጡት። ያን ቀን የመጣችው ለልጇ ነው። የሻምበሉ ትልቋ ልጅ የጥገና ቡድኑ መሪ ሆና ነበር። ሞተሩን የገጠመችው፣ ለመብረር ብቁ ነው ብላ የፈረመችውም እሷ ናት።

ልጅቷ ቱታዋን እንደለበሰች መሰላሉን ይዛ መውጣት ስትጀምር እናቷ የአጎቴን ክንድ ጨበጠች።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ደንባችን ነው» አለ አጎቴ ረጋ ብሎ። «ብቁ ነው ብሎ የፈረመ ሰው በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይወጣል። ይሄን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

የሻምበሉ ሚስት ፊት አመድ መሰለ። ወደ እናቴ ዞረች። «ባሌን ብረት በላው» አለች፤ ያችው ደረቅ ድምፅዋ። «አሁን ልጄን በዚያው ልታስወጪያት ነው? ይሄ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው። አንቺ ነሽ የፈረምሽው።»

አጎቴ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እናቴ ግን ቀደመችው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለች። ቦርሳዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። «እኔም እወጣለሁ።»

«እትዬ! አንቺ እኮ ሊፍት እንኳ ትፈሪያለሽ!»

«ደንባችን ነው አላልክም?»

እናቴ በአውሮፕላን ሄዳ አታውቅም ነበር። መሰላሉን ስትወጣ ሁለት ጊዜ እግሯ ተንሸራተተ፤ ልጅቷ ከላይ እጇን ዘርግታ ሳበቻት። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ያዘ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ይዞ እየተንደረደረ ሲሄድ አጎቴ ከንፈሩን ነክሶ ድምፁን ያዳምጣል፤ የሻምበሉ ሚስት ዓይኗን ጨፍናለች፤ እኔ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ። ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቁ። ሜዳው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ የያዘውን ትንፋሽ አንድ ላይ ሲለቅ ይሰማል።

ከተማውን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም። አውሮፕላኑ አረፈ። በሩ ሲከፈት ልጅቷ ጥርስ በጥርስ ሆና ወጣች፤ ከኋላዋ እናቴ፣ ጸጉሯ ተነሥቶ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ወረደች። መሬት እንደረገጠች ወንድሟን ፈለገች።

«አሁን አዲሶቹን መግዛት ይቻላል» አለችው። «የሚጠብቃቸው እጅ አለን። ሰኞ እጽፋለሁ።»

አጎቴ አውሮፕላኑን አየት አደረገ። ከዘራውን ተደገፈና፣ «ያኔ የጠየቅናቸው ዓይነት እኮ አሁን አርጅቷል» አለ።

«ታዲያ የተሻለውን ምረጥልኛ! ሥራህ ምንድን ነው?»

ሁለቱ እዚያው ክርክር ጀመሩ። የሻምበሉ ሚስት አልሰማቻቸውም። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ የልጇን ፊት ትጠርግ ነበር፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ዘይት የነካውን አገጯን። ጨርሳ ስትዞር እናቴ ፊት ለፊቷ ቆማለች። የሻምበሉ ሚስት እጇን ዘረጋች፤ የእናቴን መነጽር ቀስ ብላ አወለቀችና በዚያው ሻሽ ፊቷን ጠረገችላት።

ሻሹ ዘይት ስለነበረው የእናቴ ጉንጭ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ቀረ። በመንገድ ሰው ሁሉ ያያታል። «እማ፣ ፊትሽ ላይ…» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ቤት እስክንገባ ድረስም አልነካችውም።